የቅባት ሻጩ ቁራኛ

አንድ ሰንሰለት ሁለት ሰው አስሮ ዳገት እየወጣ ነው። ደርሳችኋልና አረፍ በሉ፤ ብዙም አላመለጣችሁም።

ከፊት የሚሄደው ቀጭኑ፣ ዓይኑ ግራ ቀኝ የሚቅበዘበዘው፣ ላቀው ይባላል፤ ቅባት ሻጭ ነው። ከኋላ እያነከሰ፣ እያለከለከ፣ በየእርምጃው እየተራገመ የሚከተለው ደንዳናው ደግሞ ባሻ እንግዳሸት ነው፤ የአገሩ ባለጠጋ፣ የከብት ጌታ። የሰንሰለቱ አንዱ ጫፍ በላቀው ግራ እጅ፣ ሌላው ጫፍ በባሻ ቀኝ እጅ ላይ ነው። ላቀው ሲፈጥን ባሻ ይጎተታል፤ ባሻ ሲቆም ላቀው ወደ ኋላ ይንገዳገዳል።

«ቀስ በል አንተ ቀባቢ! ጉልበቴ እሳት ሆኗል እያልኩህ!»

«እኔ ምን ላድርግ ባሻ? የከሰሱኝ እርስዎ፣ ያሳሰሩኝ እርስዎ። ዳገቱን የሠራው ደግሞ እግዜር ነው። እኔ የለሁበትም።»

«ምላስህን ዳኛው ይቆርጡልኛል።»

«ሕጉ መዳፍ ነው የሚለው ባሻ። ምላሴን ይተዉልኝ።»

በዚያ አገር ሕጉ እንዲህ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። አንድ ነገር ግን አብረው አይቀምሱም፦ ሥጋ፣ ቅቤ ያለበት ወጥ፣ ጠጅ። እነዚህ የእርቅ ማዕድ ናቸው። ከአንድ ሙዳ የቆረጡ ሁለት ባላንጣዎች ታርቀዋል ማለት ነው፤ ሰንሰለቱ እዚያው ይፈታል፣ ክሱም ይሞታል። ከዚያ በኋላ «ተበደልኩ» ቢሉ ሰሚ የለም።

የላቀው ጥፋት ምን ነበር ብትሉ፣ ነገሩ ከጾሙ ይጀምራል።

ላቀው አራዳ ነው። ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ ገበያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያነበበው የሰው ፊት ብቻ ነው። ቅባቱን በቀንድ ሞልቶ፣ በበቅሎ ጭኖ፣ ዓቢይ ጾም ሲገባ በየገበያው ይደርሳል። ጣቱ ያበጠበትን፣ ጉልበቱ የነደደበትን፣ የእግሩ አውራ ጣት ቀልቶ ጫማ አላስገባ ያለውን ሁሉ ያሻል፣ ይቀባል። ጾሙ ሲጋመስ የሰዉ እብጠት ይሟሽሻል፣ ቁርጥማቱ ይበርዳል። ላቀው ይመረቃል፣ ኪሱ ይሞላል። ሆሳዕና ሲደርስ በቅሎዋን ጭኖ እብስ ይላል።

አንድ ጊዜ አንዲት ባልቴት በዓመቱ አግኝታ «ፋሲካ ካለፈ በኋላ ተመለሰብኝ እኮ» ብትለው፣ «እማማ፣ ቅባቱ ለዓመት ነዋ! ያምናውን ዘንድሮ ይፈልጋሉ?» ብሎ ሌላ ቀንድ ሸጠላት። ለምን በጾም ብቻ እንደሚሠራ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። የሚሠራን ነገር መጠየቅ ጥጋብ ነው ይል ነበር።

ዘንድሮ ግን ባሻ እንግዳሸት ገጠመው። የባሻ ቀኝ እጅ እንደ ዱባ አብጦ ነበር፤ ዱላ መጨበጥ አቅቶት በግራው ይመረኮዛል። ላቀው አሸው፣ ቀባው። ጾሙ ሲያልቅ ገደማ ባሻ ዱላውን በቀኙ ጨበጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያም «ፋሲካን ከእኔ ጋር ሳትፈስክ ንቅንቅ አትልም!» ብሎ የበቅሎዋን ኮርቻ ጎተራ ውስጥ ቆለፈበት። ላቀው ለመነ፣ ታመምኩ አለ፣ እናቴ ሞተች አለ። ባሻ ወይ ፍንክች።

ፋሲካ ገባ። ሰንጋው ወደቀ። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ጥሬ ሥጋው፣ ጠጁ፣ አረቄው ተከታተለ። ፋሲካን ተከትሎ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ጾም የሚባል ነገር የለ። ባሻ ጠዋት ቁርጥ፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ ቅቅል ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ እጁ ተመልሶ ዱባ ሆነ፤ ጉልበቱም ተከተለ። አንድ ቀንድ ቅባት ሙሉ ቢለቀለቅ ጠብ አላለም።

«ቅባቱን ለወጥክብኝ!» ብሎ ጮኸ ባሻ። «በጾሙ እውነተኛውን ሰጠኸኝ፣ አሁን ውሸቱን! አንተ አጭበርባሪ!»

የአገር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የቀረውን አንድ ቀንድ በሰም አሽገው ለማስረጃ በባሻ አንገት ላይ አንጠለጠሉት። ቀጥቃጩ ተጠርቶ ለባሻ እጅ የሚሆን ቀለበት ቢፈልግ አጣ፤ ሌላ ሰፊ ቀጥቅጦ አስገባለት። የዚያ አገር ሕግ በመድኃኒት የዋሸን ሰው ሁለት መዳፍ በጋለ ብረት ይተኩሳል። መዳፉ የተተኮሰ ሰው በየገበያው ይታወቃል። ማንም አያስነካውም፣ ማንም አይገዛውም። ላቀው ደግሞ ከመዳፉ ሌላ ርስት የለውም።

ታዲያ እንዲህ ታስሮ ዳገት ሲወጣ ለምን ይቀልዳል? ምክንያት አለው። ላቀው የባሻን ፊት አንብቧል። ይህ ሰውዬ ከሥጋ ተለይቶ ሰንበት አይደርስም ብሏል በልቡ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ከአንድ ሙዳ ይቁረጡ እንጂ፣ ላቀው ነጻ ነው።

ስለዚህ ከሁለት መንገድ ሁልጊዜ በሥጋ ቤት በኩል የሚያልፈውን ይመርጥ ጀመር።

«ባሻ፣ እስቲ ያንን ሻኛ ይመልከቱት። ሰላም ሲልዎት አይታይዎትም?»

ባሻ ምራቁን ዋጠ። ዓይኑ ሻኛው ላይ ተሰካ። ከዚያ ሰንሰለቱን አየ፣ ላቀውን አየ።

«አውቄብሃለሁ። ከአንተ ጋር ሙዳ ከምቆርጥ አፈር ልብላ።»

«አፈሩም ያለ ቅቤ ነው ባሻ።»

«ዝም በል!»

ቂም ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ላቀው ያን ቀን አየ። ባሻ ለጤናው ብሎ ያልቻለውን ለቂሙ ሲል ቻለው።

እናም የመንደሩ ሰው የሚሰጣቸውን ይበሉ ጀመር። ለቁራኛ የሚሰጠው የታወቀ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የተልባ ፍትፍት፣ እርድና ዝንጅብል የገባበት አልጫ፣ ነጭ ሽንኩርት የተከተፈበት ሱፍ። የሚጠጡት ውሃ ነው፤ ሲገኝም የአብሽ ውሃ። ባሻ በጎረሰ ቁጥር የላቀው ግራ እጅ ሳይወድ አብሮ እስከ አፉ ደርሶ ይመለሳል።

አንድ መንደር ላይ ያሳደረቻቸው ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ባሻ፣ በበዓለ ሃምሳ ተልባ? ንስሐ ነው ወይስ ንፍገት?»

«ክስ ነው» አለ ባሻ ጎመኑን እያላመጠ።

«አይ፣ ክስ እንኳ እንዲህ የሚያስጾም አላየሁም!»

ዳኛው ደግሞ የሚያዙ አልሆኑም። በበቅሎ እየዞሩ የሚፈርዱ ሽማግሌ ናቸው። እነ ላቀው አንዱ ከተማ ሲደርሱ «ትናንት ወጡ» ይባላል፤ ወደ ሌላው ሲሄዱ «አሁን ጃንጥላቸው ከዚያ ማዶ ታየ» ይባላል። ባሻ ይራገማል፣ ይራመዳል። ላቀው ይቀልዳል፣ ይራመዳል። በዓለ ሃምሳው እየተገፋ ሄደ።

መጀመሪያ የተለወጠው እንቅልፉ ነው። ባሻ ሲገላበጥ «ወይኔ ጉልበቴ» ማለቱን ተወ። ቀጥሎ ጫማው ልኩ ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ላቀው አንድ ማለዳ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ መጎተቱን ትቶ ወደ ፊት ሲጎትተው አገኘው።

«ምን ትልፈሰፈሳለህ?» አለው ባሻ ከፊቱ ሆኖ። «ወጣት አይደለህ?»

«ባሻ… ዳገት እኮ ነው።»

«አዎ፣ ዳገት ነው። እና?»

ሁለቱም ቆሙ። ሁለቱም የባሻን ጉልበት ተመለከቱ።

አንድ ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ደረሱና ባሻ እጁን ሊታጠብ ውሃ ውስጥ ነከረ። ቀጥቃጩ ያን ያህል የለፋበት ሰፊ ቀለበት በአንጓው አለፈ፣ በጣቱ ሾለከ፣ ጭልጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ባሻ እጁን አወጣ። እጁ ባዶ ነበር። የጣቶቹ አንጓዎች አንድ በአንድ ይታዩ ነበር፤ ለዓመታት ያላያቸው የገዛ አጥንቶቹ። ጨበጠ፣ ዘረጋ። ደግሞ ጨበጠ።

ላቀው ልቡ ዘለለ። ሰንሰለቱ በእሱ በኩል ብቻ ነው የቀረው። ቢሮጥ? ግን ሰንሰለት ያንጠለጠለን ሯጭ የያዘ ሁሉ ያስረዋል። ደግሞ ዓይኑን ከዚያ እጅ መንቀል አልቻለም። ስንት እጅ አሽቷል፣ ስንቱን ቀብቷል! ከፋሲካ በኋላ የሟሸሸ እጅ ግን አንድም አይቶ አያውቅም። ይህን ደግሞ አልቀባውም፤ የተለወጠው የሚበላው ብቻ ነው። ቅባቱ ያው በሰም ታሽጎ በባሻ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

ባሻ ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን ከውሃው አወጣና በገዛ እጁ መልሶ አጠለቀው።

«ባሻ፣ ድነዋል እኮ!» አለ ላቀው። «ከዳኑ ምን ክስ ቀረ? እንታረቅ።»

ባሻ ሳቀ። ላቀው እንዲህ ያለ አስፈሪ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም።

«ሞኝህን ፈልግ! ያለ ቅባትህ፣ በጎመን ዳንኩ። ያለ ቅባትህ ከዳንኩ ቅባትህ ምንድን ነው? ውሸት! ማስረጃ አልነበረኝም፤ አሁን ይኸው እጄ! ዳኛ ፊት እጄን ዘርግቼ፣ የታሸገውን ቀንድ አስቀምጬ፣ ‹ይፍረዱ› ብዬ ዝም ማለት ነው።»

ላቀው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ባሻ ደኅና ሆኖ ዳኛ ፊት ከደረሰ የላቀው መዳፍ አለቀለት። ባሻ ከመድረሱ በፊት ሥጋ ከበላ ግን ክሱም ይሞታል፣ እጁም ያብጣል፣ ማስረጃውም ይጠፋል። የቀረው ተስፋ አንድ ሙዳ ነበር።

ሙዳውም መጣ።

ዳኛው በቀጣዩ ከተማ መሆናቸው ተረጋገጠ። ከከተማው አፋፍ ላይ ደግሞ የባሻ አብሮ አደግ አበጋዝ ይኖራል። አበጋዝ ወዳጁን በሰንሰለት አይቶ ደረቱን ደቃ።

«እንግዳሸት! በበዓለ ሃምሳ እንደ ውሻ ታስረህ፣ ጎመን ስትግጥ? የምን ክስ ነው! ሰንጋ ጥያለሁ፤ ግባ!»

ገቡ። ሥጋው ተሰቅሏል፤ ገና ይርገበገባል። አዋዜው ቀርቧል፣ ብርሌው ቢጫ ሆኖ ያበራል። ባሻ ተቀመጠ። አፍንጫው ተነፋ። ወደ ላቀው ዞረ፤ ፊቱ ላይ ቂም የሚባል ነገር አልነበረም፤ ረኃብ ብቻ።

«ላቀው፣ ስማ። ከአንተ ጋር መንከራተት ሰለቸኝ። ተውኩት። ክሱን ለእግዜር ተውኩት። ቢላ አምጡ!»

ቢላው መጣ። አበጋዝ ሙዳውን በሁለቱ መካከል ዘረጋ። ላቀው በሕልሙም እንዲህ ያለ ነገር አላየም። አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ ነጻ። ኮርቻው፣ በቅሎዋ፣ የዓመቱ ገበያ።

ባሻ ቢላውን በቀኝ እጁ ጨበጠ። ደኅና አድርጎ ጨበጠ። ላቀው ያንን እጅ አየ፤ አንጓዎቹን፣ ደም ሥሮቹን፣ ቢላውን ሲይዝ የሚታዘዙትን ጣቶች። በዘመኑ ሁሉ ካሸው እጅ ውስጥ አጠገቡ ሆኖ በእውነት ሲድን ያየው ይህን አንዱን ብቻ ነበር። ነገ ጠዋት ዱባ እንደሚሆን ደግሞ ከእሱ በቀር በዚያ ቤት ያሰበ የለም።

ላቀው ቀኝ እጁን ጨምሮ ሰንሰለቱን ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። ቢላው መሬት ላይ ወደቀ።

«አይብሉ ባሻ!»

«ይሄ ሰውዬ ያመዋል እንዴ?» አለ አበጋዝ። «ነጻ ልትወጣ እኮ ነው አንተ!»

«አውቃለሁ!» አለ ላቀው። ድምፁ ላይ ቀልድ አልነበረም፤ ይህ ለእሱ አዲስ ነገር ነበር። «አውቃለሁ ጌታው። ባሻ ይስሙኝ። ቅባቱን አልለወጥኩብዎትም። በጾሙም ያው ነበር፣ በፋሲካም ያው ነው። በጾሙ ያዳነዎት ቅባቴ አይደለም፤ ጾሙ ነው። ጎመኑ ነው፣ ምስሩ ነው፣ ተልባው ነው፤ የተዉት ጥሬና ጠጅ ነው። ፋሲካ ሲመጣ መድኃኒትዎን ሰቅለው በሽታዎን በሉ። እኔ ምናምንቴው መሐል ገብቼ ምርቃቱን ወሰድኩ። አሁን ይህን ቢቆርጡ እጅዎ ይሄዳል። በቃ፣ ይሄዳል።»

ባሻ ቢላውን ከመሬት አንስቶ ለአበጋዝ መለሰ። ከዚያ በዝግታ ጠየቀ።

«ይህን ቃል ነገ ዳኛ ፊት ትደግመዋለህ?»

«…እደግመዋለሁ።»

«መዳፍህስ?»

የአበጋዝ ሚስት እየተነጫነጨች ምስርና ጎመን አቀረበች። ሁለቱም በሉ። የላቀው ግራ እጅ እንደ ልማዱ ከባሻ አፍ እየደረሰ ይመለስ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ባሻ ልብ ብሎ ሰንሰለቱን ያላላለት ነበር።

በማግስቱ ዳኛ ፊት ቆሙ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ነገር ማንዛዛት አይወዱም።

«ከሳሽ፣ የታመመው የቱ ነው?»

ባሻ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«ይህ እጅ ምን ሆነ? ከእኔ እጅ ይሻላል!»

«ድኗል ጌታዬ።»

«በዚህ ሰው ቅባት?»

ባሻ የታሸገውን ቀንድ ከአንገቱ አውልቆ አስቀመጠ። ሰሙ አልተነካም። ዳኛው ወደ ላቀው ዞሩ።

«በዚህ ቀንድ ውስጥ ምን አለ?»

«የበግ ላት፣ ትንሽ ዝባድ…» አለ ላቀው። «የቀረው የእኔ ምላስ ነው ጌታዬ።»

ሸንጎው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ላቀው ትናንት በአበጋዝ ቤት የተናገረውንም ሁሉ ደገመላቸው። ብረቱ በከሰሉ ላይ ቀልቶ ነበር። ላቀው ሁለት መዳፉን ዘረጋ።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ይቀረኛል» አለ ባሻ። «እኔ ከሳሽ ነኝና ሙሉውን ልናገር። ትናንት ሥጋ ልቆርጥ ነበር። ብቆርጥ ይህ ሰው ነጻ ነበር፣ እኔም ዛሬ እዚህ የምደርሰው በቃሬዛ ነበር። በእነዚህ ሁለት እጆቹ ጎትቶ አስጣለኝ። የዋሸኝም ያዳነኝም እነዚህ እጆች ናቸው። ጌታዬ የዋሹትን ለይተው መተኮስ ከቻሉ ይተኩሱ።»

ዳኛው ጺማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ቀንዱን አንስተው እሳቱ ውስጥ ጣሉት፤ ላቱ ተንጣጣ፣ ጭሱ ሽቅብ ወጣ።

«ይህ ቤት ሲጨስ ታያላችሁ?» አሉ ለሸንጎው። «ጭሱ በጣራው ይወጣል። ሞኝ ሰው ጣራው ላይ ወጥቶ ውሃ ይረጫል፤ ከታች ግን ምድጃው ላይ እንጨት ይጨምራል። የእናንተ ገላም እንዲሁ ነው። ጉልበት ሲነድ፣ ጣት ሲያብጥ፣ ጉልበቱን ታሻላችሁ፣ ጣቱን ትቀባላችሁ፤ አፋችሁ ግን ቀን ከሌት እንጨት ይጨምራል። ሥጋ ጠላት አይደለም፤ በበዓል በልክ የበላው ሰው ይጠግባል እንጂ አይነድም። ሠርክ የሚማገድ ከሆነ ግን እሳት ነው። አንተ ባሻ፣ በጾም ያገኘኸውን ጤና ፋሲካ ቀን አውጥተህ ጣልከው፤ ጾሙ ያስተማረህን ለነፍስ ብቻ መስሎህ ለሥጋህ ሳትሰማው ቀረህ። አንተ ደግሞ ቅባት ሻጭ፣ ሰው ራሱ የሠራውን ደግ ሥራ መልሰህ ለራሱ ሸጥክለት። ከዚህ የከፋ ሌብነት አላውቅም። መዳፍህን አልተኩስም፤ ይልቅ ቅባት በሸጥክበት ገበያ ሁሉ ትዞራለህ፤ ትናንት በአበጋዝ ቤት የተናገርከውን ቃል በፋሲካ ማግስት፣ ሰው ሁሉ አፉን ሥጋ ሞልቶ ሳለ፣ ጮኸህ ትናገራለህ።»

«ይደበድቡኛል ጌታዬ!»

«ሊሆን ይችላል» አሉ ዳኛው፤ ጃንጥላቸውን ያዙና ሄዱ።

የዛሬ ሐኪሞች ያንን የውስጥ እሳት ብግነት ይሉታል። ስሙ አዲስ ነው እንጂ እሳቱ የጥንት ነው። ብዙዎቻችን መድኃኒቱን በየዓመቱ እንቀምሰዋለን፤ ቅጠሉን፣ ጥራጥሬውን፣ ተልባውን፣ እርዱን። ደኅና ስንሆን ደግሞ ምስጋናውን ለሌላ ሰጥተን ወደ እሳቱ እንመለሳለን። የታመመ ሐኪም ይይ፤ ግን ለሐኪሙም ቢሆን ምን እንደበላ ይንገረው። ማወቁ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። ባሻ ሙዳው ፊት ሲቀመጥ እጁ ለምን እንደዳነ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስላችሁ። ወንዙ ዳር ላቀው ላይ የዛተው በዚያው እውቀት ነበር። ሥጋው ሲሸተው ግን እውቀቱ ከደጅ ቀረ። ያዳነው አጠገቡ ሆኖ የጎተተው ሰው ነው።

የከተማው ቀጥቃጭ መጥቶ ሰንሰለቱን ፈታ። ላቀው የግራ አንጓውን አሸ። እጁ ቀለለው፤ ቀለለውና ግራ ገባው። የት እንደሚሄድ አላወቀም። ባሻ ጥቂት ርቆ ከሄደ በኋላ ቆመ፣ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ።

«አንተ ቀባቢ፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ና እንሂድ። እሑድ የልጄ ሠርግ ነው፤ ስድስት ሰንጋ ይታረዳል፣ ወገኔ ሁሉ ‹ባሻ ጉረስ፣ ባሻ ቁረጥ› ሊለኝ ነው። አንተ ከሌለህ እጄን ማን ይጎትትልኛል?»